ሙሉ ሳምንት እየሠራሁ ለኪራይም ለምግብም አልበቃኝም፤ ከየቱ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በዲቪ ከመጣን 8 ዓመት ሆነን፤ ዜግነት ገና አልወሰድንም። ፓርኪንግ ውስጥ በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 38 ሰዓት እሠራለሁ። ባለቤቴ የ3 ዓመት ልጃችንን ይዛ ቤት ናት፤ ትልቋ 7 ዓመቷ ነው። ሁለቱም እዚህ ነው የተወለዱት። ኪራያችን በአንድ ጊዜ ከ1,750 ወደ 1,900 ዶላር ወጣብን። አሁን የ2 ወር ውዝፍ አለብን፣ ሰሞኑንም በር ላይ ወረቀት ለጥፈውብናል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ እኔና ባለቤቴ ራት እየዘለልን ልጆቹን እናበላለን። ፉድ ስታምፕ ከወሰድክ ዜግነት ትከለከላለህ ይሉኛል። እውነት ነው? ከየቱ ልጀምር?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ የሚያስፈራዎትን ላንሳልዎት። የለም፣ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ድጋፍ) መውሰድ ዜግነት አያስከለክልም። «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ ሰውየው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚል መመዘኛ የሚነሳው ሰው ወደ አገሪቱ ሲገባ ወይም ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲያመለክት አይጠየቅበትም። ከዚህ ጋር የሚነካካ አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ ግሪን ካርድ ይዞ ከአሜሪካ ውጭ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ስለሚችል ጥያቄው ሊነሳበት ይችላል። ዜግነትን በእውነት የሚጎዳው እርዳታው ሳይሆን ውሸቱ ነው፦ ገቢ መደበቅ፣ አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛን አለመጥቀስ፣ የፉድ ስታምፕ ገንዘብ የሚገባበትን የኢቢቲ ካርድ ሱቅ ወስዶ በጥሬ ገንዘብ መመንዘር። ይህን የሚያነብ ግሪን ካርድ ገና ያልያዘ ሰው ግን የእርስዎን መልስ ለራሱ አይውሰድ። ሕጉ በመለወጥ ላይ ስለሆነ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። በእርስዎ ሁኔታ ያለ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሲርበው ማየት ስለማይቻል በእጅ ያለው ገንዘብ ለአስቤዛ ይወጣል፣ ኪራዩ «በሚቀጥለው ወር» ይባላል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። ምግብ በብዙ በር ይገኛል፤ ከትምህርት ቤት፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ ከሚሰጠው ዊክ፣ ምግብ በነፃ ከሚያድለው ፉድ ፓንትሪ፣ ከኢቢቲ ካርድ። ኪራይ የሚከፍልልዎት ግን እምብዛም የለም፣ ቢኖርም አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ እጅዎ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ለኪራይ ይሁን፤ ምግቡን በመብትዎ ከሌላው በር ያምጡት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንየው፤ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነም ያሳያል። 18 በ38 በሳምንት 684 ዶላር ነው፤ በዓመቱ አማካይ ሲሰላ በወር 2,964 ዶላር ይሆናል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲቆረጥ 2,737 ይቀራል፣ ሌላው ታክስ ገና ነው። 1,900 ኪራይ ሲወጣ ከ840 ዶላር ያነሰ ይተርፋል። ያ ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 7 ዶላር ነው፤ ምግቡም፣ መብራቱም፣ አውቶቡሱም፣ ስልኩም ከዚያው። በዚህ አገር ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ ሲያልፍ ከአቅም በላይ ይባላል፤ ከ50 በመቶ ሲያልፍ ከባድ ጫና ይባላል። የእርስዎ 64 በመቶ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ ሜሪላንድ 15 ዶላር ብታደርገውም ኪራዩን አልደረሰበትም። በጥር 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ 771,480 ሰው ቤት አልባ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ነበር። በ2023 ደግሞ 47.4 ሚሊዮን ሰው በቂ ምግብ በማያስተማምን ቤት ይኖር ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በየማለዳው ወደ ሥራ የሚወጣው ብዙ ነው።

በሩ ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት። ዛሬውኑ ያንብቡት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ የተለጠፈበትን ቀን ጻፉበት። ምናልባትም አከራዩ ክስ ከመመሥረቱ 10 ቀን በፊት እንዲሰጥ የሜሪላንድ ሕግ የሚያስገድደው ማስታወቂያ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት አይደለም፣ «ውጡ» የሚል ትእዛዝም አይደለም። ስለዚህ ዕቃ አይጫኑ። ብዙ የእኛ ሰው ከፍርድ ቤት ጋር ላለመነካካት ብሎ በዚህ ደረጃ ቤቱን ለቅቆ ዘመድ ጋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሊዙ (የኪራይ ውሉ) ዕዳ ይከተለዋል፣ ቤት ውስጥ ላለ ተከራይ ብቻ የሚሰጠው እርዳታም ያመልጠዋል። አከራዩ በራሱ ሥልጣን ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ወይም ውኃ መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይችልም፤ ይህ በሜሪላንድ ሕገወጥ ነው። ማስለቀቅ የሚቻለው ዳኛ ከፈረደ በኋላ በሸሪፍ ብቻ ነው።

ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ከራስዎ ደረሰኝ ጋር ያመሳክሩ። ከሊዚንግ ቢሮው (ከአከራዩ ጽሕፈት ቤት) «ሌጀር» ይጠይቁ፤ ይህ በየወሩ የተከፈለውንና የቀረውን የሚያሳይ ዝርዝር ነው። መዘግያ ቅጣት በሜሪላንድ ካልተከፈለው ኪራይ 5 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለ1,900 ዶላር 95 ነው፤ ለ2 ወር 190። ስለዚህ ውዝፍዎ 3,800 ከሆነ ከነቅጣቱ 3,990 መሆን አለበት። ከዚህ ከበለጠ ምን እንደጨመሩ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ጭማሪው። ከ1,750 ወደ 1,900 ማለት 8.6 በመቶ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የኪራይ ማረጋጊያ ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የዓመት ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ በ6 በመቶ ቢሆን እንኳ ኪራይዎ 1,855 ነበር የሚሆነው። ጭማሪም ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መነገር አለበት። ሕጉ የማይነካቸው ቤቶች አሉ፤ ሕንፃው ከ23 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ካለው ለምሳሌ ነፃ ነው። ስለዚህ 311 (የካውንቲው የመረጃ ስልክ) ደውለው የካውንቲውን የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ይጠይቁ፣ ሕንፃዎ በሕጉ ሥር መሆኑንም ያረጋግጡ። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» (የአማርኛ አስተርጓሚ) ይበሉ፤ በነፃ ያገናኙዎታል። ጭማሪው ሕገወጥ ከሆነ የተጠየቁት ውዝፍ ራሱ የተሳሳተ ነው ማለት ነው፤ ይህ ፍርድ ቤት የሚነሳ ትልቅ ነጥብ ነው።

በ10 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ክሱ ይመጣል። ያን ቀን ፍርድ ቤት መቅረት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ያልቀረበ ተከራይ በደቂቃ ውስጥ ይፈረድበታል። «ዕዳው እንዳለብኝ እያወቅሁ ሄጄ ምን እላለሁ?» አይበሉ። የሚባል ነገር ሞልቷል፦ አከራዩ የካውንቲ የኪራይ ፈቃድ አለው ወይ፣ ማስታወቂያው በትክክል ተሰጥቷል ወይ፣ ሒሳቡ ልክ ነው ወይ፣ ከፊል ክፍያዎ ተቆጥሯል ወይ፣ ጭማሪው ሕጋዊ ነው ወይ። ከ2021 ጀምሮ ገቢያቸው ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ ከግማሽ የማይበልጥ ተከራዮች በማስለቀቅ ክስ ነፃ ጠበቃ የማግኘት መብት አላቸው። ይህን ለማግኘት 211 (የእርዳታ መረጃ ስልክ) ይደውሉ። የፍርድ ቤቱ የራስ አገዝ ማዕከልም በስልክ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል፣ ግን አስቀድመው ፎርም ሞልተው መጠየቅ አለብዎት። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ የ7 ዓመት ልጅ ያን ቃል ተሸክማ መኖር የለባትም።

ቢፈረድብዎትም አላለቀም። ከፍርዱ በኋላ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት 7 ቀን አለ። ሸሪፉ እስኪመጣ ድረስም የተፈረደውን ኪራይ፣ ቅጣትና የፍርድ ቤት ወጪ ሙሉ በሙሉ ከከፈሉ ቤትዎ ውስጥ ይቀጥላሉ። ይህ መብት የሚቀርበት ባለፉት 12 ወራት 3 ጊዜ ተፈርዶበት ለነበረ ተከራይ ነው። ክፍያውን በመኒ ኦርደር ወይም በተረጋገጠ ቼክ ያድርጉት፣ ቁራጩን ያስቀምጡት። በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ ደረሰኝ ሳይዙ አይውጡ። ከፊል ክፍያ ለአከራዩ ቢሰጡ ለቀረው መክሰስ እንደሚችል አይርሱ፤ «ግማሹን ተቀብሎኛል» ብሎ መረጋጋት አይገባም።

የኪራይ እርዳታን በተመለከተ፣ በኮቪድ ጊዜ የነበረው ትልቁ ገንዘብ አልቋል። የቀረው የካውንቲው ጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ነው፤ ቢሮው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪልና በጀርመንታውን አለ። ይዘው የሚሄዱት መታወቂያ፣ የሁሉንም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ሊዙን፣ ሌጀሩን፣ የ30 ቀን ፔይ ስታብ (የደመወዝ ደረሰኝ)፣ የባንክ መግለጫና የተለጠፈውን ወረቀት ነው። ክሱ ከመጣ የፍርድ ቤቱንም ይዘው ይመለሱ፤ ጉዳዩ የሚፋጠነው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ሁለት ነገር ያስተጓጉላል። አንደኛው፣ ገንዘቡ የሚላከው ለአከራዩ ስለሆነ አከራዩ «ደብሊው-9» የሚባለውን የታክስ ፎርም መስጠት አለበት፤ እሱ ሳይመጣ ፋይሉ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሊዚንግ ቢሮውን ራስዎ ጠይቀው ይውሰዱት። ሁለተኛው ከባድ ነው። ሠራተኛዋ «ይህን ብንከፍልልህ በሚቀጥለው ወር በምን ትከፍላለህ?» ትላለች። ዝም ካሉ ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» ካሉ ፋይሉ ይዳከማል። በወረቀት የተጻፈ መልስ ይዘው ይግቡ። መልሱን ከዚህ በታች አብረን እንሠራዋለን፣ ሦስት ምንጭ አለው።

የመጀመሪያው ፉድ ስታምፕ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ለስደተኞች በሩን በጣም አጥብቧል፤ ጥገኝነት ያገኙና ሪፊውጂዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ ወጥተዋል። እርስዎ ግን ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት ስላለፈዎት ይገባዎታል፤ ልጆችዎም ዜጎች ናቸው። ስንት እንደሚሆን እስከ መስከረም 2026 ባለው ተመን ላሳይዎት። መሥሪያ ቤቱ ሳምንታዊውን 684 በ4.3 ያባዛና 2,941 ዶላር ይላል። ከሠሩት ላይ 20 በመቶ ይቀነሳል፣ 2,353 ይቀራል። ለ4 ሰው ቤተሰብ 223 ዶላር መደበኛ ቅናሽ አለ፤ 2,130። ከዚያ ኪራዩ ይመጣል፦ የዚህ ግማሽ 1,065 ነው፣ ኪራይዎ ከዚያ በ835 ይበልጣል፣ ግን የሚቆጠርልዎት እስከ 744 ብቻ ነው። 1,386 ይቀራል። የዚህ 30 በመቶ 416 ዶላር ነው፤ ይህን ከራሳችሁ ታወጣላችሁ ተብሎ ይታሰባል። ለ4 ሰው ከፍተኛው 994 ስለሆነ በወር 578 ዶላር ገደማ ይደርሳችኋል።

አሁን ስሕተቱ የት እንደሚገባ ይዩ። ኪራይዎን የሚያሳይ ሊዝ ካላስገቡ 744ቱ አይቀነስም፣ ድርሻዎ ወደ 355 ይወርዳል። በአንድ ወረቀት ምክንያት በየወሩ 223 ዶላር የሚቀርበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ያስገቡት ፔይ ስታብ ውስጥ አንድ ሳምንት ኦቨርታይም ካለበትና የማይቀጥል ከሆነ ያንን በጽሑፍ ያስረዱ፣ አለዚያ እንደ ቋሚ ገቢ ይቆጠራል። አፓርታማ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋራ ሰው ደግሞ ገበያውና ማብሰያው የተለያየ ከሆነ ለየብቻ እንደሚቆጠሩ ይወቅ፤ ባልና ሚስት ግን፣ ከወላጅ ጋር የሚኖሩ ከ22 ዓመት በታች ልጆችም፣ አንድ ላይ ናቸው።

ማመልከቻውን ሁሉም ወረቀት እስኪሟላ አያቆዩት። ስም፣ አድራሻና ፊርማ ብቻ ያለው ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ ድርሻውም ከገባበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። 578 በ30 ሲካፈል በቀን 19 ዶላር ነው፤ አንድ ሳምንት ማመንታት የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው። በስቴቱ ድረ ገጽ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮው ማስገባት ይቻላል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። የወሩ ገቢና በእጅ ያለው ገንዘብ ተደምሮ ከኪራይና ከመብራት የሚያንስ ቤተሰብ ግን በ7 ቀን ውስጥ ማግኘት አለበት። በመደበኛ ሰዓትዎ ይህ አይመለከትዎትም፤ ሰዓት ከተቆረጠብዎት ወይም ሥራ ከቆመ ግን ወዲያው «ኤክስፐዳይትድ» (በአስቸኳይ ይታይልኝ) ይበሉ። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነው፣ የሚደውሉትም ከማያውቁት ቁጥር ነው። ሰው ከሚከለከልባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ያንን ስልክ ሳያነሳ መቅረቱ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ስልክ የማይነሳ ከሆነ የባለቤትዎን ቁጥር ይስጡ፣ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግም ማመልከቻው ላይ ያመልክቱ። ከተከለከሉ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቅ ይቻላል። ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ በየጊዜው የሚመጣውን የእድሳት ደብዳቤ በቀኑ ይመልሱ።

በኢቢቲ ካርዱ እንጀራም፣ የጤፍ ዱቄትም፣ በርበሬም፣ ሥጋም ይገዛሉ፤ ካርዱን የሚቀበል ሱቅ ይሁን እንጂ የሐበሻ ሱቅ መሆኑ ለውጥ የለውም። ትኩስ የተዘጋጀ ምግብ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ ቫይታሚን አይገዛበትም። ሚስጥር ቁጥሩን ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን በፊት በየወሩ ይቀይሩት፤ በካርድ ማንበቢያው ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ የሚሰርቁ አሉ፣ የተሰረቀውን የሚተካው የፌዴራል ገንዘብም በታኅሣሥ 2024 አብቅቷል።

ካርዱ እስኪመጣ ልጆቹን የሚያበላ ሌላ በር ነገ ጠዋት ይከፈታል። ለትልቋ የትምህርት ቤቱን የምግብ ፎርም ይሙሉ፤ በእርስዎ ገቢ ቁርስም ምሳም ነፃ ነው፣ ፉድ ስታምፕ ሲጀምር ደግሞ ያለ ፎርም ይመዘገባል። ለትንሹ ዊክ አለ፤ ልጅ 5 ዓመት እስኪሞላው ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬና አትክልት ይሰጣል። ዊክ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም፣ ከፉድ ስታምፕ ላይም አይቀንስም። 211 ደውለው በአቅራቢያዎ ያሉትን ፉድ ፓንትሪዎች ቀንና ሰዓት ይጠይቁ፤ በካውንቲው ውስጥ ትልቁ ማና ፉድ ሴንተር ነው። እባክዎ ይሉኝታ አይያዝዎት። እናትና አባት ራት እየዘለሉ መሥራት ሲደጋገም በሽታ ያመጣል፣ የታመመ ሠራተኛ ደግሞ ሰዓት ያጣል፣ ከዚያ ኪራዩ ይብሳል።

ሁለተኛው ምንጭ ታክስ ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ገንዘብ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ዓመቱን በዚህ ደመወዝ ሠርተው ከሆነ ገቢዎ 35,568 ዶላር ነው። ለ2025 የታክስ ዓመት 2 ልጅ ላላቸው፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ሶሻል ሴኩሪቲ ካላቸው፣ የሠራተኛ ገቢ ክሬዲቱ (ዝቅተኛ ደመወዝ ላለው ሠራተኛ በታክስ በኩል የሚሰጠው ገንዘብ) በእርስዎ ገቢ ከ6,000 ዶላር በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ የልጆች ክሬዲት 3,400 ዶላር ተመላሽ አለ። ሜሪላንድም የፌዴራሉን ክሬዲት 45 በመቶ መሠረት አድርጋ የራሷን ትሰጣለች፣ ካውንቲውም ይጨምርበታል። የፌዴራሉ ብቻ ከ2 ወር ውዝፍዎ እጥፍ በላይ ነው። ይህ ገንዘብ ለፉድ ስታምፕ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ያለፉትን ዓመታት ካላስገቡ እስከ 3 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ለዚህ ሥራ ለማንም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር አይክፈሉ። «ቪታ» የሚባለው ነፃ የታክስ አገልግሎት አለ፣ በካውንቲው የኮሚዩኒቲ አክሽን ኤጀንሲ በኩል ይያዛል፤ ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ሳይዘገዩ ይደውሉ። ሪፈንዱን (የታክስ ተመላሹን) ቀድሞ በብድር የሚሰጥ ሰው ወለዱን ከእሱ ላይ ይቆርጣል። ክሬዲቱ ያለበት ተመላሽ በሕግ ከየካቲት አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፤ በባንክ ሒሳብ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ይገባል። ይህን ቀን ለአከራዩ ይንገሩት። «ታክሴን በዚህ ቀን አስገብቻለሁ፣ ተመላሹ ሲገባ ውዝፉን እከፍላለሁ፣ እስከዚያ የየወሩን ኪራይ በቀኑ አስገባለሁ» የሚል አንድ ገጽ ጽፈው፣ የገባውን ታክስ ቅጂ አያይዘው፣ በኢሜይል ይላኩ። አከራይ ክስ ለመቀጠል ገንዘብና ጊዜ ያወጣል፤ ቀን ያለው ዕቅድ ሲያይ የሚስማማው ጥቂት አይደለም። ከተስማማ በጽሑፍ ያድርጉት፤ የቃል ስምምነትን ዳኛ ፊት ማስረዳት ይከብዳል።

ሦስተኛው ምንጭ አሁኑኑ በደመወዝዎ ላይ ያለ ነው። ፔይ ስታብዎን ይክፈቱና የፌዴራል ታክስ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ይዩ። ሲቀጠሩ «ደብሊው-4» (ከደመወዝ የሚቆረጠውን ታክስ የሚወስነው ፎርም) ላይ «ነጠላ» ተብለው ልጆቹ ሳይጻፉ ቀርተው ከሆነ በወር ወደ 175 ዶላር እየተቆረጠ ነው፤ እርስዎ ግን ባለትዳርና የ2 ልጅ አባት ሆነው የሚጠበቅብዎት ዜሮ ነው። አዲስ ፎርም ሞልተው «አብረው የሚያስገቡ ባለትዳር» ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ደረጃ 3 ላይ 4,400 ብለው ይጻፉ፣ ለአሠሪዎ ይስጡ። ከሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ካለው ደመወዝ ጀምሮ ይለወጣል። የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከመጠበቅ ኪራይ በሚያስፈልግበት ወር ቢደርስ ይሻላል። 175ቱ ከ578ቱ ጋር ሲደመር 753 ዶላር ነው። ለካውንቲዋ ሠራተኛ የሚሰጡት የጽሑፍ መልስ ይህ ነው።

ስለ ሥራ ሰዓት አንድ እውነት ልናገር፣ ምክንያቱም «ለምን ትርፍ አይሠራም?» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርስዎ ገቢ ላይ 100 ዶላር ቢጨምሩ ፉድ ስታምፕ 24 ዶላር ይቀንሳል፣ የፌዴራሉ ገቢ ክሬዲት ወደ 21 ይቀንሳል፣ 7.65 ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ይሄዳል፣ የስቴትና የካውንቲ ታክስም አለ፣ የስቴቱ ክሬዲትም ይወርዳል። በእጅ የሚቀረው ከ40 ዶላር አይበልጥም። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሮጦ ሮጦ በቦታው የሚቆመው በዚህ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ሆኖ መሠራቱ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ጭማሪን አይፍሩ፣ በእርስዎ ገቢ ደረጃ ተጨማሪ ሰዓት ትርፍ ነው። ከ40 ሰዓት በላይ ከሠሩ ደግሞ በሰዓት 27 ዶላር ይገባዎታል፤ በተለያየ ጋራዥ ለአንድ ኩባንያ የተሠራው ሰዓት ተደምሮ ነው የሚቆጠረው።

ጤና ላይ አጭር ነው፦ በዚህ ገቢ እርስዎና ባለቤትዎ ለሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ለሚሰጠው የጤና መድን)፣ ልጆቹም ለልጆች የጤና ፕሮግራሙ ትበቃላችሁ። ከደመወዝዎ የሚቆረጥ የኢንሹራንስ ክፍያ ካለ ይህን ካረጋገጡ በኋላ መተው ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። መብራት ላይ ውዝፍ ካለ የስቴቱን የኢነርጂ እርዳታ ያመልክቱ።

ለወደፊቱ ደግሞ ዛሬ በሚገቡበት ወረፋ ነው ነገሩ የሚወሰነው። ሴክሽን 8 የሚባለው የኪራይ ድጋፍ ከሚገባቸው 4 ቤተሰቦች ለ1 ብቻ ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ጥበቃው ዓመታት ነው። የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን የጥበቃ መዝገብ ግን በኢንተርኔት ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በአንድ ማመልከቻ ለበርካታ ፕሮግራም ይገባሉ። ስምዎ የሚጠፋው መረጃዎን በየዓመቱ ሳያድሱ ሲቀሩ ወይም አድራሻ ቀይረው ሳያሳውቁ ሲቀሩ ነው። በስልክዎ ላይ የዓመት ማስታወሻ ያድርጉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቤቱ ቢጠፋ፣ የመጀመሪያው ስልክ ለካውንቲው ነው፤ ሮክቪል ያለው የቀውስ ማዕከል 24 ሰዓት ይሠራል፣ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ መጠለያ የሚገባውም በካውንቲው በኩል ነው። ዘመድ ቤት ከተጠጉ የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በአብዛኛው ቤት አልባ አይላችሁም፤ መጠለያ ሲጠይቁ «ያረፋችሁበት አለ» የሚባሉትም ለዚህ ነው። የትምህርት ሕጉ ግን የተለየ ነው። ከ1987 ጀምሮ ያለው የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ ቤት አጥቶ ከሰው ጋር የተዳበለውን፣ ሞቴል ወይም መኪና ውስጥ ያለውን ልጅ ሁሉ ይጨምራል። ልጅዎ የነበረችበት ትምህርት ቤት ትቀጥላለች፣ ትራንስፖርት ይሰጣታል፣ ምግቧ ነፃ ይሆናል፣ አዲስ ቦታ ቢሆን እንኳ ያለ ወረቀት ወዲያው ትመዘገባለች። ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት «ሆምለስ ሊኤዞን (ቤት ያጡ ተማሪዎችን የሚረዳው ሠራተኛ) ማነው?» ብለው ይጠይቁ። የልደት ወረቀቶቹን፣ ግሪን ካርዶቹን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዶቹን፣ ሊዙንና ደረሰኞቹን በአንድ ቦርሳ አድርገው ከዛሬ ጀምሮ ከቤቱ ውጭ የሚያምኑት ሰው ጋ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሸሪፍ በመጣበት ቀን ከዕቃ መሀል ወረቀት መፈለግ አይቻልም።

ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት የሚደረጉት ሦስት ናቸው፦ የፉድ ስታምፕ ማመልከቻውን በስምና በፊርማ ማስገባት፣ ለ311 ደውሎ ስለ ጭማሪው መጠየቅ፣ የቪታ ቀጠሮ መያዝ። ደብሊው-4ቱን በዕረፍት ሰዓት ይሙሉት። የፍርድ ቤት ወረቀት ከደረሰዎት በላዩ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት፣ ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ቀን ጋር፣ እዚህ ይጻፉልኝ፤ ስምዎንና አድራሻዎን ሸፍነው።